አንድ ሰካራም ወደ ቤተ ክርስቲያን ደወለ

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የተደወለው እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1935፣ ቅዳሜ ዕለት፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል የጎማ ፋብሪካ ከተማ ነው።

ደዋዩ ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ነው። መጠጥ ሥራውንም ስሙንም በልቶበታል። በዲሴምበር 1934 ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ክፍሉ በብርሃን የተሞላ ያህል ሆነለት፤ ከዚያ ወዲህ አልቀመሰም። ታዲያ ምን አደረገ? እንደ ብዙዎቻችን ሰባኪ ሆነ! ሰካራም ባገኘ ቁጥር ስለዚያ ብርሃን ይነግረዋል። ለወራት ሲደክም አንድም ሰው መጠጥ አልተወለትም። ሐኪሙ ዶክተር ሲልክወርዝ ስብከቱን ቀነስ አድርጎ መጀመሪያ ስለ በሽታው እንዲናገር መከረው።

አክረን የሄደው ለንግድ ነበር፤ ነገሩ ሳይሳካ ቀረ። ሜይፍላወር በሚባለው ሆቴል ብቻውን ቆሟል፤ ኪሱም ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። በአንድ በኩል ቡና ቤቱ አለ፤ ሳቁ ይሰማል። በሌላ በኩል ስልክና የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ወደ ስልኩ ሄደ። ልብ በሉ፤ የፈለገው የሚያዝንለትን ሰው አይደለም። እንደ እሱ መጠጥ ያሸነፈውን ሰው ነው የፈለገው፤ ያውም ያንን ሰው ለማዳን ሳይሆን ራሱ እንዳይወድቅ።

ስልኩን ያነሳው ዋልተር ተንክስ የሚባል አገልጋይ ነበር። የማያውቀው ሰው ደውሎ “ሰካራም ፈልግልኝ” ሲለው ስልኩን አልዘጋበትም፤ የሰዎች ስም ሰጠው። ቢል ተራ በተራ ደወለ። በመጨረሻ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የምትባል አማኝ ሴት ተገኘች። እሷ ደግሞ ስለ አንድ ሐኪም ስትጸልይ ኖራለች፤ ጥሪውን የጸሎቷ መልስ አድርጋ ተቀበለችው።

ሐኪሙ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ነው። ይህን ቦታ ቀስ ብዬ ልናገረው። ዶክተር ቦብ ከጉባኤ የራቀ ሰው አልነበረም። የሉተራን መጋቢው ፍራንክ ቡክማን ወደ ጀመረው የኦክስፎርድ ቡድን የጸሎት ስብሰባ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ተመላልሷል። መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፣ ይጸልያል። በድብቅ እንደሚጠጣ ለወገኖቹ ተናዝዞ አብረውት ተንበርክከዋል። ይጠጣም ነበር። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም አጠገባችን ተቀምጦ እየዘመረ ነው።

በማግስቱ እሑድ፣ የእናቶች ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተገናኙ። ዶክተሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ እቆያለሁ ብሎ ነበር የመጣው፤ ሲለያዩ ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። ቢል አዲስ ትምህርት አላመጣለትም፤ የራሱን ጉድ ነው የነገረው። ዶክተሩ ስለ መጠጥ ከራሱ ኑሮ ከሚያውቅ ሰው ጋር በግልጽ ሲነጋገር ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር።

ግን በዚያች ምሽት አልተፈወሰም። ለሐኪሞች ጉባኤ አትላንቲክ ሲቲ ሄዶ ሰክሮ ተመለሰ። በጁን አንድ ቀን ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቢል አንድ ቢራ ሰጠው! “ይህ በመንፈሳዊ ፕሮግራም ይነገራል ወይ?” ትሉ ይሆናል፤ የሆነው እንዲህ ነው። ያቺ የመጨረሻው መጠጥ ሆነች። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥና መውደቅ፣ አንዳንዴም ሞት ሊመጣበት ይችላል፤ ስለዚህ ከጸሎቱ ጋር ሐኪም ዘንድም ይሂድ።

ሁለቱ ሰዎች ወዲያው ሦስተኛ ፍለጋ ወደ ሆስፒታል ሄዱ፤ ከአንድ ጠበቃ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ፤ እሱም ተነሳ። ከዚያ በሰው ሳሎን መሰብሰብ ቀጠሉ። በ1939 መጽሐፋቸውን ሲያወጡ አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም ስማቸው የማይገለጥ የመጠጥ ሱሰኞች፣ ተባሉ። ያ መጽሐፍ ከመውጣቱ በፊት ዋነኛ ንባባቸው የተራራው ስብከት፣ አንደኛ ቆሮንቶስ 13 እና የያዕቆብ መልእክት እንደ ነበረ ዶክተር ቦብ ኋላ ተናግሯል።

መጋቢዎች የሚያነሱትን ጥያቄ አውቃለሁ። መጽሐፉ እያንዳንዱ እግዚአብሔርን እንደ ተረዳው ይቀበል ይላል እንጂ ክርስቶስን አይሰብክም። እውነት ነው፤ እኔም በዚህ አልስማማም። ወንጌሉን ከዚያ አልጠብቅም። ነገር ግን እኛ ጋ “ከሰባት ዓመት በፊት እጠጣ ነበር” የሚል ምስክር መድረክ ይሰጠዋል፤ “ትናንት ማታ ጠጣሁ” የሚለውስ ለማን ይንገር? ኃጢአታችንን እርስ በርሳችን እንድንናዘዝ ያዘዘው ያዕቆብ እኮ የተሸነፈውንም ጨምሮ ነው የጻፈው።

በውጭ አገር ያላችሁ፣ ስብሰባው ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በአብያተ ክርስቲያናት ምድር ቤት ይካሄዳል፤ ምናልባትም እኛ እሑድ ከሰዓት በምንከራየው በዚያው ሕንፃ። ክፍት የሚባለው ስብሰባ ዘመድም ወዳጅም የሚገባበት ነው፤ ዝግ የሚባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። መግቢያ አይከፈልም፣ የአባትህን ስም የሚጠይቅህ የለም፣ ዝም ብለህ ብትቀመጥም ማንም አያስገድድህም። የመጀመሪያው ካልተመቸህ ሌላውን ሞክር፤ አንዱ ስብሰባ ካንዱ ይለያል። አብሮህ የሚሄድ አንድ ወንድም ካገኘህ እንዲያውም ደግ ነው። ባለቤቱ የሚጠጣባት እህትም አል-አኖን የሚባል የቤተሰቦች ስብሰባ አለላት፤ የቢል ሚስት ሎይስ በ1951 ከጀመሩት አንዷ ናት።

በአካባቢህ ስብሰባ ከሌለ፣ አክረን ላይ የተጀመረው በሁለት ሰው ነው። የአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ ጠላውን፣ ጠጁን፣ አረቄውን ትተው የቆሙና ያለፉበትን ለመናገር የማያፍሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ፈልጉ። ፈቃዳቸውን ጠይቁና ስልካቸውን ያዙ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የማታውቁት ሰው ሲደውል የምትሰጡት ቁጥር ይኑራችሁ።