ጠመንጃ የያዘን ተጠርጣሪ ማን ይያዘው?

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። በቦረና ደጋ ግን እንደ ሌላው የአማራ ገጠር ሁሉ ጠመንጃ የወንድ ጌጥ ሆኖ ኖሯል።

ፖሊስ በአዋጅ ቁጥር 6/1934 ከመቋቋሙ በፊት ወንጀለኛ የሚፈለገው በአውጫጭኝ ነበር። አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ተጠርጣሪው የሚፋጠጠው ከመላው ጎረቤቱ ጋር ነበር።

ዛሬ ያ የአገር ሸክም የወደቀው በኮንስታብሉ ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ዒላማ መምታት ብቻ ሊሆን አይገባም። ብቻን አለመጠጋት፣ ከለላ መያዝ፣ ጊዜ መስጠት፣ ሽማግሌ መላክም ሙያ ነው።

ደም ደም ይጠራል። ተጠርጣሪውን በሕይወት ለዳኛ አቅርቦ፣ እሱም በሰላም ወደ ልጆቹ የሚመለስ ፖሊስ ነው ግዳጁን የተወጣ።