ካምቢዮና ታሪክ

የአዳማን ጋራዦች ቋንቋ ልብ ብሎ ላደመጠ ሰው፣ መካኒኩ ሳያስበው የታሪክ መምህር ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ወረራ መኪናውም ስሙም በረከተ፤ ወራሪው ሲባረር ቃላቱ ቀሩ። ቋንቋችን ከእንዲህ ያለው ቅሪት ይጽዳ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን አንድ የታመመ ካምቢዮ እንዲመለከቱ እጋብዛቸዋለሁ።

በዚያው የወረራ ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም.፣ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በኦልድስሞቢል መኪና ላይ ገጥሞ ለገበያ አቀረበ። የፍሪሲዮን ፔዳል ከሹፌሩ እግር ሥር ጠፋ።

ዛሬ ያረጀ አውቶማቲክ ሚኒቫን ከአዳማ ተነሥቶ የአሰላን ዳገት ሲይዝ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን አይስብም። መካኒኩ አስቀድሞ የካምቢዮውን ዘይት ያያል፤ ያሸታልም። ቀዩ ዘይት ጠቁሮ ያረረ ነገር ከሸተተ ሕመሙ ታወቀ ማለት ነው። ካምቢዮው ወርዶ ሲፈታ ሙቀት የበላቸው ስስ ክብ ሸራዎች ተደራርበው ይገኛሉ። እነዚህ ፍሪሲዮን ናቸው፤ ከእግር ሥር የጠፋው እዚህ ተሰውሮ ኖሯል! ሸራውና ጎሚኒው ይለወጣል፤ የዘይቱ ጠባብ መተላለፊያዎች ይታጠባሉ፤ ያለዚያ የአሮጌው ቃጠሎ ብናኝ አዲሱን ሸራ ይበላዋል።

ይህ ሁሉ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ሲነገር በእነዚያው ቃላት ነው። ይጽዱ ቢባል ምን ይተካቸዋል? ወራሪው ለጦር ያመጣውን ስም የእኛ ሰው ለእንጀራው አዋለው፤ ልጁንም ሙያ አስተማረበት። ምርኮ ከተባለ፣ የተማረከው ቃሉ ነው።