ታችኛውን ወደ ታች፣ ላይኛውን ወደ ላይ

እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የእድራችንን ሒሳብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። 0.1 እና 0.2 ሲደመር ከ0.3 ጋር እኩል ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው «አይደለም» አለኝ። ገንዘብ ያዡ ሳይታሙ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ገንዘብስ በሙሉ ሳንቲም ቢቆጠር ያበቃል። ርቀትና ጊዜ ግን ሳንቲም የላቸውም።

ኮምፒዩተር የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። በዚህ አጻጻፍ 0.1 ማለቂያ ስለሌለው የግድ ይጠጋጋል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 ዳህራን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ የነበረው የፓትሪዮት ሚሳይል መከላከያ 0.1 ሰከንድን በ24 ቢት ቆርጦ ይዞ ስለነበር፣ ከ100 ሰዓት ሥራ በኋላ ሰዓቱ 0.34 ሰከንድ ያህል ተዛነፈ። ስከድ ሚሳይል አመለጠው፤ 28 ወታደሮች ሞቱ። ከጎረቤታችን ከፔንሲልቫኒያ የሄዱም ነበሩባቸው።

ራሞን ሙር በ1966 መጽሐፍ ያሳተመበት ኢንተርቫል አሪትሜቲክ፣ እኔ የወሰን ስሌት የምለው፣ በአንድ ቁጥር ፈንታ ሁለት ይይዛል፤ እውነተኛው መልስ በመካከላቸው ነው። 1 ዶላር ለ3 እናካፍልና 3 አኃዝ ብቻ እንያዝ። ሁለቱንም ጫፍ ወደ ቅርቡ ካጠጋጋን 0.333 ይሆናሉ፤ በ3 ሲባዛ 0.999 ነው፣ 1 ዶላራችን ጠፋ። ታችኛውን 0.333፣ ላይኛውን 0.334 ካልን ግን ከ0.999 እስከ 1.002 ይሆናል፤ 1 ውስጡ አለ።

አይትሪፕልኢ 754 የተባለው የ1985 ደንብ ይህን ይፈቅዳል፤ በሲ ቋንቋ ደግሞ ከ1999 ወዲህ ፌሴትራውንድ በሚባል ትዕዛዝ አቅጣጫ ይመረጣል። ዋስትናው ግን ለአራቱ መደቦችና ለካሬ ሥር ነው፤ ለሳይንና ለሎጋሪዝም አይሠራም።

እኔን ብዙ ያደከመኝ ሌላ ነው። ሁለቱንም ጫፍ 0.1 ብለው ቢጽፉ፣ ወሰኑ ውስጥ 0.1 የለም! ኮምፓይለሩ አስቀድሞ አጠጋግቶታል፤ በ64 ቢት የሚቀመጠው ከ0.1 በጥቂቱ ይበልጣል። መድኃኒቱ በነክስትአፍተር ታችኛውን አንድ እርምጃ ዝቅ ማድረግ ነው። አቅጣጫ መቀየር ካስቸገረም፣ እንደተለመደው አስልቶ ሁለቱንም ጫፍ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ መግፋት ይቻላል፤ ወሰኑ ትንሽ ይሰፋል እንጂ አይዋሽም።

ኮምፓይለሩ ሥራ ላቅልል ብሎ ስሌቱን ከትዕዛዝዎ በፊት እንዳያደርገው ጂሲሲ ላይ ራውንዲንግ-ማት የሚለውን ምርጫ ያብሩ። ሲጨርሱም አቅጣጫውን ወደ ነበረበት ይመልሱ፤ እኔ ረስቼው ሌላው ሒሳብ ሁሉ ወደ ላይ ሲጠጋጋ አመሸ።