«ሞለስክ» የሚለው ቃል ምንጭና ትርጉም

በባዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ «ሞለስክ» የተሰኘ ቃል ሰፍሮ ይገኛል። ተማሪው ቃሉን ሲያጠና በአእምሮው በቅድሚያ የሚቀረጸው ደረቁ ቅርፊት ነው፤ ቃሉ የተወለደው ግን ከለስላሳው ሥጋ ነው። በላቲን «ሞሊስ» ማለት ለስላሳ ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ ሥር የወጣው «ሞሉስካ» በሮማውያን ዘንድ ልባሱ ስስ ለሆነ የፍሬ ዓይነት መጠሪያ ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ ግሪካዊው አሪስቶትል ኦክቶፐስንና መሰሎቹን «ማላኪያ»፣ ማለትም ልስልሶቹ፣ ሲላቸው ቅርፊት ለባሾቹን በሌላ ስም ለይቷቸዋል። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም ተመሳሳይ አከፋፈል እናገኛለን። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሲስተማ ናቱሬ» ዐሥረኛ እትም «ሞሉስካ» ያላቸው ራቁታቸውን ያሉትን ነው፤ ባሕር ኮከብ እንኳ ሳይቀር ከዚሁ ጎራ ገባ። ቅርፊት ያለው ቀንድ አውጣ በአንድ ወገን፣ ቅርፊት የሌለው የሥጋ ዘመዱ በሌላ ወገን ተሰለፉ። ነገሩ ያስገርማል።

ይህን ያቃናው ፈረንሳዊው ኩቪየ ነው። በ1795 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት ከውጭ ከሚታየው ልባስ ይልቅ የውስጥ አካልን አሠራር መመዘኛ አደረገ። ቅርፊቱ ቢገፈፍ ከሥሩ ያው ለስላሳ አካል ይገኛልና ሁለቱ ወገኖች በአንድ ስም ተጠቃለሉ። በእኔ አስተያየት በቃሉ ታሪክ ከሁሉ የላቀው እርምጃ ይህ ነው፤ ስሙ ሳይለወጥ ይዘቱ ተለውጧልና።

የእኛ ሕዝብ ስያሜ መነሻው ሌላ ነው። «ቀንድ አውጣ» ሥጋንም ቅርፊትንም አይጠቅስም፤ እንስሳው ሲንቀሳቀስ የሚያደርገውን ይናገራል። «ዛጎል» በበኩሉ እንስሳውን ረስቶ ከሩቅ ባሕር በንግድ የመጣውን ቅርፊት፣ ጌጡንና የጠንቋዩን መጣያ ብቻ ያስታውሳል። የሁለቱን ዝምድና ከቃላቱ መገመት ስለማይቻል የውሰቱ ቃል ያስፈልገናል።

ውሰቱ ግን የሕዝቡን ቃል ማስጣል የለበትም። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል በወንዝና በሐይቅ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ሳይራባ ወደ ሰው አይተላለፍም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ የተነሣው ምርምር እንዶድን በሳይንሱ ዓለም «ሞለስክ ገዳይ» አሰኘው። ይሁንና በወንዝ ዳር ቀበሌ ስለ በሽታው የሚያስተምር መምህር «ሞለስክ» ብቻ ብሎ ቢያልፍ፣ ልጆቹ የሚነገራቸው ከውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ስለሚያዩት ፍጥረት መሆኑን አይረዱም። በቅድሚያ ቀንድ አውጣ ይበል፤ «ሞለስክ» ከዚያ ይከተላል።