በከንቱ ያልቀረ ጩኸት

እሪ በከንቱ የሚለው የሰፈራችን ስም ሰሚ ያጣ ጩኸትን ያስታውሳል። ከዚሁ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ግን፣ ጩኸታቸው በከንቱ ያልቀረ አንዲት እንግሊዛዊት ጋዜጠኛ ዐርፈዋል። እኒህም ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው።

ሲልቪያ በ1874 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ታግለው ብዙ ጊዜ ታሰሩ። በ1913 ዓ.ም. ደግሞ በሚያዘጋጁት የሠራተኞች ጋዜጣ ላይ በወጡ ጽሑፎች ምክንያት የስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው።

ለኢትዮጵያ የቆመው ጋዜጣቸው «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የመጀመሪያው እትም ቀኑ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ጠላት አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነበረ። በ1931 ዓ.ም. የገዛ መንግሥታቸው የኢጣልያን ገዥነት ሲቀበል እንኳ፣ እሳቸው በየሳምንቱ የፋሺስትን ግፍ ከመግለጽ አልቦዘኑም። አገራችንን ነፃ ያወጣው የአርበኞች ደም መሆኑን አንዘነጋም፤ ዳሩ ግን ዓለም ፊቱን ባዞረበት ጊዜ ስለ እነርሱ የመሰከረ ብዕር ነበረ።

በ1948 ዓ.ም. ኑሯቸውን በአዲስ አበባ አድርገው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት ያዘጋጁ ነበር። በመስቀል በዓል፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐረፉ።

እኛም ብዕር ስናነሣ፣ ሰሚ ቢጠፋም እውነትን ደጋግሞ መናገር ከንቱ አለመሆኑን ከእሳቸው እንማር።