የአርክታንጀንት ባለቤት ማነው?

ካልኩለስ የተማርን ሁሉ የአርክታንጀንት ዴሪቬቲቭ «አንድ ሲካፈል ለአንድ ሲደመር ኤክስ ስኩዌር» መሆኑን እንደ ዳዊት ደግመነዋል። ከየት መጣ ብለን ግን አልጠየቅንም።

አንድ ሲደመር ኤክስ ስኩዌር እኮ የድሮው ወዳጃችን ፓይታጎረስ ነው! ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ሳሉ። ክቡን በምትነካው ቀጥ ያለች መስመር ላይ ከመነካኪያው ነጥብ ኤክስ ያህል ሂዱ። ከክቡ መሀል እስከዚያ ያለው ርቀት ስኩዌር ሲደረግ ያ ቁጥር ይመጣል። መስመሯን ኢምንት በኢምንት ብንከታትፋት፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ለዚያ ቁጥር ስትካፈል በክቡ ላይ የሚደርሳትን ቅስት ትሰጣለች። ዴሪቬቲቩ ይኸው ነው።

ይህን ምክንያቱን ዘርዝሮ የጻፈው ኒውተንም ላይብኒዝም አይደለም። የደቡብ ሕንዱ፣ የኬራላው ጄሽታዴቫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1530 ገደማ፣ «ዩክቲባሻ» በተባለ መጽሐፉ። ያውም በሊቃውንቱ ሳንስክሪት ሳይሆን በአገሬው ማላያላም! ቅስቶቹ ተደምረው የሚወጣውን ሲሪስ ግን የኬራላ ሰዎች በ1340 ገደማ ለተወለደው ለማዳቫ ይሰጡታል። ማዳቫ ፓይን ከነጥብ በኋላ እስከ 10ኛው አሃዝ በትክክል አስልቷል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ግሪጎሪ እዚያው የደረሰው በ1671 ነው፤ ላይብኒዝ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ። ከኬራላ ወደ አውሮፓ ለመሻገሩ የተገኘ ማስረጃ ስለሌለ «ሰረቁ» የሚለውን ወሬ አንገዛም። የሚያንገበግበን ሌላ ነው። ቻርልስ ዊሽ የተባለ እንግሊዛዊ ነገሩን በ1830ዎቹ ጽፎት እያለ የመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ «የግሪጎሪ ሲሪስ» ብቻ እያሉ ኖሩ። ዛሬ የማዳቫን ስም ከፊት የሚያስቀድሙ አሉ።