የመጸው ሌሊት በጋይንት

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፥ ወንዙ ሲጎድል፥ ጭቃውም ሲደርቅ፥ የሰው ልብ ወደ ጉዞ ያዘነብላል። ሌሎች ሕዝቦች ይህን ወራት ለሙዚቃና ለኪነ ጥበብ በዓል ለይተውታል። በአየርላንድ ጠረፍ የምትገኘው ትንሿ ከተማ ዌክስፎርድ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1951 ጀምሮ በጥቅምት ወር የኦፔራ በዓል እያደረገች ከሩቅ አገር እንግዳ ትጠራለች። በጀርመንም ዶናውኤሺንገን በምትባል ከተማ በ1921 የተጀመረው የአዲስ ሙዚቃ በዓል ዛሬ የሚከበረው በዚሁ በጥቅምት ነው። የእነዚህን ከተሞች ስም ባነበብሁ ቁጥር «የእኛስ የት አለ?» እያልሁ ራሴን እጠይቅ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ለመንግሥት ሥራ ተልኬ በተቀመጥሁባት በንፋስ መውጫ ነው።

ንፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፥ በምዕራብ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚነሣው ከጉና ተራራ የሚወርደውን ብርድ ሌሊትና ቀን ትቀበላለች። ቀድሞ በበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ዘመን የጋይንት አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው፥ ቻይናውያን የሠሩት መንገድ መካከሏን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ መንገደኛውም አብዛኛውን ጊዜ ሻይ ጠጥቶ፥ ብርዱን አማርሮ፥ ወደ ጨጨሆ በር ይቀጥላል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ መንገደኛ የተለየ ዕውቀት አልነበረኝም።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልበል። ዛሬ ብዙ ሰው፥ የተማረውም ሳይቀር፥ የመስከረምና የጥቅምትን አበባ ሲያይ «ጸደይ ገባ» ይላል። ይህ ከፈረንጅ መጽሐፍ የተገኘ ልማድ ይመስለኛል። በአባቶቻችን የዘመን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት ስሙ መጸው ነው፤ ጸደይ የሚባለው መጋቢት 26 ቀን ገብቶ ሰኔ 25 ቀን የሚወጣው ነው። በመጸው መግቢያ ላይ ያሉት ዐርባ ቀናት፥ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፥ ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። የእመቤታችን ከልጇ ጋራ ወደ ግብፅ መሰደድ የሚታሰብባቸው ቀናት ናቸው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ በሚውሉት እሑዶች ሁሉ፥ ከቅዳሜ ሌሊት ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ፥ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያየሁት ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ተነሥ፥ እንቅልፍ ሞልቶሃል» ብለው በር አንኳኩተው ስለ ወሰዱኝ ነው። ጋቢዬን ደራርቤ ብገባም ብርዱ ከእግሬ ሥር ይወጣ ነበር። ካህናቱና ደብተሮቹ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። መጀመሪያ ቃሉ ያለ ከበሮ፥ ረጋ ባለ ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ መቋሚያው ከፍና ዝቅ እያለ ዝማሜው ይመጣል፤ ከዚያ ጸናጽሉ ይነሣል፥ ከበሮውም ይከተላል፤ መረግዱና ጽፋቱ እየፈጠነ ሄዶ ቤቱ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ሲንቀሳቀስ ብርዱን ረሳሁት። በመካከሉ አንዱ ሊቅ ወጣ ብሎ አዲስ ቅኔ ዘረፈ። ያ ቅኔ ለዚያች ሌሊት ብቻ የተወለደ ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ይፈለጋል። ሲነጋ ተራ የደረሳቸው ምእመናን የደገሱት ቀረበ። ቢሮ ስገባ ዓይኔ ቢቀላም፥ በዚያን ቀን የጻፍሁት ደብዳቤ ከሌላው ቀን የከፋ አልነበረም።

ብዙ ሰው የሰማውን ዜማ ሁሉ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ነገሩ ግን መለየት አለበት። ድጓው በ6ኛው መቶ ዓመት፥ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው የያሬድ ድርሰት ነው ተብሎ ይታመናል፤ ግእዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም በእርሱ ስም ይጠራሉ። ማኅሌተ ጽጌ ግን የአባ ጽጌ ድንግል ድርሰት መሆኑን ሊቃውንቱ ይናገራሉ። እያንዳንዱ ክፍል አምስት አምስት ስንኝ ያለው ግጥም ሲሆን፥ ብዙው ክፍል በተአምረ ማርያም ታሪክ ላይ የቆመ ነው። ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት፥ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ገደማ ስለ ሆነ፥ ማኅሌቱ ከዚያ በፊት ሊደረስ አይችልም። በያሬድና በአባ ጽጌ ድንግል መካከል ስምንት መቶ ዓመት ያህል አለ ማለት ነው። ይህን መለየት የያሬድን ክብር አይቀንስም፤ የኋለኞቹንም ድካም ያሳያል።

አሁን ወደ ጋይንት ልመለስ፤ ይህ አገር ከሌላው የሚለይበት ምክንያት አለውና። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ሰው በሰፈሩ መምህር ዘንድ ብዙ ዓመት ቢማርም፥ ዐዋቂነቱ የሚጸናው በምስክር ቤት ነው። የአቋቋም ምስክር ጎንደር ነው። የድጓ ምስክር ቤተ ልሔም ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ደግሞ ዙር አምባ፥ አንዳንዶች ዙር አባ የሚሉት ነው። ሁለቱም በጋይንት ናቸው። ዝማሬ ከቍርባን በኋላ የሚዘመረው ሲሆን ኅብስት፥ ጽዋ፥ መንፈስ፥ አኮቴት፥ ምሥጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል፤ መዋሥዕት ደግሞ ለሙታን የሚባለው ነው። ያሬድ ዝማሬውን የደረሰው በዙር አምባ ነው ተብሎ ይተረካል። በጎረቤት በእስቴም ቆማ አለ፤ ከቤተ ልሔም የሚለይ የራሱ የድጓ ስልት በስሙ የሚጠራ ነው። ከጨጨሆ ማዶ ያለው ዋድላም በቅኔ የታወቀ አገር ነው። እንግዲህ በአንድ አካባቢ ይህን ያህል ጉባኤ ተሰብስቦ የሚገኝበት ሌላ ስፍራ ብዙ አላውቅም።

የዜማው ምልክት ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የግራኝ አሕመድ ጦርነት ባለፈበት ሁሉ መጻሕፍት ተቃጠሉ፥ መምህራንም አለቁ። ከዚያ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1533 እስከ 1551 ዓ. ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለድጓው ምልክት ማበጀታቸው ተጽፏል። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደትና ቁርጥ ከእነዚህ ምልክቶች ናቸው። ሥራው በዚያ ጊዜ የመጣበት ምክንያት እንደ እኔ አሳብ ግልጽ ነው፤ የሚያስታውስ ሰው በአንድ ትውልድ ሊያልቅ እንደሚችል ታይቷልና። ኾኖም ምልክቱ ብቻውን አያዘምርም። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ትንንሽ ፊደላት አስቀድሞ በቃል የተያዘን ዜማ የሚያስታውሱ ስለ ሆኑ፥ መምህር የሌለው ሰው መጽሐፉን ቢገልጠው ዝም ይለዋል። አንድ አረጋዊ መሪጌታ «የኔታ፥ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ሳያዩ እንዴት ያዙት?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ መጽሐፉንማ ያየሁት ከያዝሁት በኋላ ነው» አሉኝ።

የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያንም ሊታይ የሚገባው ነው። ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት ጸሐፊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ወደዚህ አገር መጥቶ፥ ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም ገጠር ክብ የሣር ክዳን ቤት በሚመስለው ሕንጻ ውስጥ፥ በመካከለኛው ዘመን የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ አገኘ። ጉዞውንም በ1959 በታተመው መጽሐፉ ተረከው። አገኘ ማለት ግን ለአውሮፓ ነው። የድጓ ተማሪዎች በዚያ ግቢ ደበሏቸውን ለብሰው ሲቀጽሉ ብዙ ዘመን ኖረዋል።

ተማሪው የሚኖረው ከአርሶ አደሩ በሚለምነው ቍራሽ ነው። ስለዚህ የዜማው ዕድል ከእህሉ ዕድል ጋራ የታሰረ ነው። ጋይንትና ስማዳ ደግሞ ድርቅ የሚደጋግማቸው አገሮች ናቸው፤ ገበሬው ለልጁ የሚያጎርሰው ሲያጣ አኮፋዳው ባዶ ይመለሳል፥ ጉባኤውም ይፈታል። በነሐሴ 2013 ዓ. ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ገብቶ በሰውና በንብረት ላይ ከባድ ጕዳት አደረሰ። ከ2015 ዓ. ም. ማለቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት ተማሪውንም እንግዳውንም ከመንገድ አስቀርቷል። ድጓው ታትሟል፤ ድምፁም በስልክ ይቀረጻል፤ ይህን የሚንቁ አሉ፥ እኔ ግን አልንቀውም። ነገር ግን የተቀረጸው ድምፅ ተማሪው ሲሳሳት አያርመውም። ምስክር የሚያሰኘው ይህ ማረም ነው፤ ማረሙም ሰው ከሰው ፊት ተቀምጦ ካልሆነ አይሆንም።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ መምጣት ለሚሻ አንባቢ የቀኑን ነገር ላስታውሰው። አስቀድሞ መስከረም 21 ቀን በአምባሰል ግሸን ማርያም ከሚወጣው ሕዝብ ጋራ አክብሮ፥ በወልድያ በኩል ዞሮ በጨጨሆ ወደ ጋይንት ቢገባ፥ ለመጀመሪያው የጽጌ እሑድ ይደርሳል። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ መቆም ስላለበት ወፍራም ጋቢ ይያዝ። ፎቶግራፍ ማንሣት የፈለገ አለቃውን አስቀድሞ ይጠይቅ። ጊዜ ካለውም ዘመኑን እስከ ፍጻሜው ተከትሎ፥ ኅዳር 6 ቀን እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቍስቋም ይገኝ፤ ከጋይንት የወጡ ብዙ ድጓኞች በዚያ ሌሊት በማኅሌቱ ረድፍ ውስጥ ይቆማሉ።